ለሚካኤል የተሳለችው ቦራ

ወይዘሮ ይዘንጋሽ ከመሐል ሜዳ ወዲያ ካለው መንደራቸው ወጥተው የሚያድሩት ለቅሶ ወይም ሠርግ ሲሆን ብቻ ነበር። ዘንድሮ ግን ገብሱ ሳያሸት እንደ ወጡ ታጭዶ ተወቅቶ ጎተራ ገባ፤ እሳቸው ደብረ ብርሃን፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ ከልጅ ልጃቸው አልጋ ሥር ናቸው። የዘጠኝ ዓመቷ ኮከብ የጭኗ አጥንት መግል ቋጥሮ ሁለት ጊዜ ኦፕራሲዮን ሆናለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደጓት እሳቸው ናቸውና፣ «ሰው ይተካዎትና ትንሽ ይረፉ» የሚላቸውን ሁሉ ይገላምጡታል።

አገራቸው ክፉኛ ይናፍቃቸዋል። የክፍሉ ሙቀት ያፍናቸዋል። መስኮቱን ይከፍታሉ፣ ነርሷ ትዘጋዋለች፣ ዞር ስትል ደግሞ ይከፍቱታል።

«ይህም ነፋስ ተብሎ ይዘጋል» ይላሉ። የመንዝ ነፋስ እኮ ጋቢ ይቀማል።

ኮከብ የምትናፍቀው ግን ቦራን ነው። ቦራ ግንባረ ነጭ በግ ናት፤ ለኮከብ በክርስትናዋ ዕለት ከተሰጠቻት በግ የተወለደች። እንዲህ ያለችው በግ ዘሯ ሁሉ የልጅቷ ነው፤ አባወራው እንኳ ሳያስፈቅድ አይነካውም። ማታ ማታ አያቷ አቶ ደመላሽ ይደውሉና ስልኩን ለቦራ ያስጠጉላታል። አንዳንዴ በጓ ዝም ስትል ሽማግሌው ራሳቸው እንደ በግ ይጮሃሉ። ኮከብ ታውቅባቸዋለች፤ ቢሆንም ትስቃለች።

ወይዘሮ ይዘንጋሽ ግን በዚያ ሰዓት ፊታቸውን ያዞራሉ። ትኩሳቱ አልበርድ ብሎ ልጅቷ ሰው መለየት ባቃታት ቀን ኮሪደሩ ላይ ተንበርክከው፣ «ሚካኤል፣ ይቺን ልጅ ካተረፍክልኝ ቦራን አመጣልሃለሁ» ብለው ተስለዋል። በረት ሙሉ በግ እያላቸው ከአፋቸው የወጣችው የሰው በግ ናት። ከበጎቹ ሁሉ ውዷ እሷ ናትና ሌላ አልታያቸውም። ትኩሳቱም በረደ። ለታቦት የተሰጠ ቃል ደግሞ አይታጠፍም።

አሁን ሐኪሙ አጥንቱ ጠግጓል፣ ትቁም ይላል። ኮከብ ግን እግሯን መሬት ማስነካት ፈርታለች። ክራንቹን ባሳዩዋት ቁጥር ወደ ግድግዳው ትዞራለች። እንዲህ ተኝታ ከቀረች የዳነችው ለምኑ ነው? ወይዘሮ ይዘንጋሽን የሚበላቸው ይህ ነበር።

አንድ ማታ አቶ ደመላሽ ቦራ መውለዷን አበሠሩ። ኮከብ ደስታዋን የምታደርግበት አጣች። ወይዘሮ ይዘንጋሽ ከዚህ በላይ አልቻሉም።

«ልጄ፣ ቦራን ተስያታለሁ» አሏት። «ሳልጠይቅሽ።»

ኮከብ ቀና ብላ አየቻቸው።

«ለማን?»

«ለሚካኤል። አንቺን እንዲያተርፍልኝ።»

«ግልገሉ ጡት እስኪተው ይታገሣል?»

«እንዴት አይታገሥ።»

ልጅቷ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ እግሯን አየችው። ከቤታቸው እስከ ሚካኤል ያለው መንገድ ዳገት ነው።

«እንግዲያው የምነዳት እኔ ነኝ» አለች። «ለእርስዎ አትሄድልዎትም። ያንን ክራንች ያቀብሉኝ።»

ወይዘሮ ይዘንጋሽ አቀበሏት፤ እንባቸውን ለመጥረግ እጅ አልነበራቸውም፣ በሁለቱም ደግፈዋት ነበር።