አክስቴ ሻሿን የፈታች ቀን

የለጋ ቅቤ ሽታ አፍንጫዬ ሲደርስ ለዓመታት ቀድሞ የሚመጣብኝ ፍርሃት ነበር። ባለፈው ነሐሴ፣ የሻደይ በዓል ካለፈ በኋላ፣ ልጄን ማህሌትን ጉልበቴ ሥር አስቀምጬ፣ ሰቆጣ ጠጉር ቤት በዊግ የተሠራችውን ሹሩባ ስፈታ፣ ከጆሮ ግንዷ በላይ ያለው ጠጉር ከነሥሩ እጄ ላይ ቀረ። ቦታው እንደ ተላጠ እንቁላል ያበራል። መስታወት ስትጠይቀኝ «ቆይ እስቲ፣ አልጨረስኩም» አልኳት፤ ያንን ቦታ አውቀዋለኋ።

ልጅ ሆኜ የምንኖረው ደሃና ወረዳ ነበር። በፍልሰታ ጾም በእኛ ቤት ቅቤ ለወጥ ቀርቶ ለራስም አይነካም ነበርና፣ ጾሙ እስኪፈታ ጠጉራችን እንደ ገለባ ይደርቅ ነበር። ጾሙ በተፈታበት ዕለት ደግሞ ሻደይ ይገባል፤ ልጃገረዶች ሁሉ ለምለሙን ሣር ወገባችን ላይ አስረን ከደጅ ደጅ የምንጨፍርበት በዓል ነውና፣ ሹሩባ ሳትሠራ የወጣች ልጅ መሳቂያ ነበረች። የሰፈሩን ልጆች የምትሠራው የእናቴ ታላቅ፣ አክስቴ ብርነሽ ነበረች። በዋዜማው ደረቁን ጠጉር በወስፌ ከፍላ፣ ዓይናችን ወደ ላይ እስኪሳብ ድረስ አጥብቃ ትጎነጉነን ነበር። ካለቀስኩ፣ ጠበቅ ያላለ ሹሩባ ጭፈራ መሀል ይፈታና ጎረምሶቹ ይስቁብሻል ትለኛለች። እሷ ሻሿን ሰው ፊት ፈትታ አታውቅም ነበር፤ ወግ ነው ብለን ጠይቀናት አናውቅም።

አንድ ዓመት፣ መስከረም ጠብቶ አደይ ሲፈነዳ፣ እናቴ ሹሩባዬን ስትፈታ የራሴ ሁለቱም ጎን ተመልጦ አገኘችው። ዓይን በልቷት ነው ብላ እኔን ጠበል ልትወስድ ነጠላዋን ስታነሳ አክስቴ ከበር ገባች። እናቴ እያለቀሰች ነገረቻት። አክስቴ መደቡ ላይ ተቀመጠችና ሻሿን ፈታችው። ከግንባሯ እስከ ጆሮዋ አንድ ጠጉር አልነበረም።

«ዓይን አይደለም፣ እጄ ነው» አለች። «እናታችን በሻደይ በሻደዩ እንዲህ ነበር የምትሠራኝ። አንቺ ስትጮኺ ታላላልሽ ነበር፣ እኔ ዝም እል ነበር። የኔው አልመለስ ብሎ ቀረ።»

እናቴ ያን ቀን ወስፌውን ከቤት አወጣችው። በጋውን ሙሉ ሹሩባ አላሠራችኝም፤ ለብ ባለ ውሃ አጥባ፣ ሳይደርቅ በጣቶቿ ከጫፉ ጀምራ እየፈታታች፣ ቅቤውን በመዳፏ አሙቃ ቀስ ብላ ታሸው ነበር። ሑዳዴ ሲገባ ቅቤው ቀረና በተልባ ውሃ ተካችው። ምንጭ ስወርድ ልጆቹ «አባባ፣ እንደምን አደሩ» እያሉ ይሳለቁብኝ ነበር፤ ማታ ማታ እኔም የአክስቴ ራስ እየታየኝ፣ እስከ መቃብር በሻሽ ልኖር ነው እያልኩ እፈራ ነበር። ፋሲካ ሲደርስ እንደ ገብስ ቡቃያ ብቅ አለ። በዓመቱ ሻደይ አክስቴ ላላ አድርጋ ሠራችኝ፣ ጭፈራው መሀል ተፈታ፣ ጎረምሶቹም ሳቁ።

ባለፈው ነሐሴም ማህሌትን ስትሠራ አሟት እንደሆነ ብጠይቃት፣ እንቅልፍ ነስቷት እንደነበረ ነገረችኝ። «ለምን አልነገርሽኝም?» ስላት፣ «ሻደይ ነዋ፣ እማ» አለች። የአክስቴ ዝምታ በልጄ አፍ የመጣ መሰለኝ። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ ነርሷም የጠጉሩ መሳብ እንጂ በሽታ አይደለም፣ ይረፍ ብላ ሰደደችን። ከዚያ ወዲህ እናቴ እንዳደረገችው አደረግሁ፤ ጠዋት ጠዋት ግን ቦታውን ሳልዳብስ ውዬ አላውቅም።

በእኛ ጊዜ ወስፌና ደረቅ ጠጉር ነበር፣ ዛሬ መብራት ያለበት ጠጉር ቤትና ዊግ መጣ፤ መሳቡ ግን ያው ነው። የተለየው፣ አክስቴን ቀድሞ የሰማት ሰው አልነበረም፣ ማህሌት ግን አሁን ማበጠሪያው ሲይዛት «እማ፣ ቀስ» ትለኛለች፣ እጄንም እመልሳለሁ። ገብሱ ታጭዶ ካለቀ በኋላ፣ አንድ ጠዋት ስዳብሳት ጣቴን ወጋ ወጋ አደረገኝ። ወደ ብርሃን አዙሬ አየሁት። በቅሏል። ልጄ ድናለች፣ እኔም መፍራቱን ትቻለሁ።