ትራክተሩን ሜዳ ላይ ያጠፉት ጋሽ ሙሜ

ዛሬ ጠዋት ከቦርደዴ ተደወለና "ሙሜ ሞቱ" አሉኝ። "የትኛው ሙሜ?" አልኩ። ቦርደዴ ላይ ሙሜ የማይባል ማን አለና! "ሙሜ ትራክተር" ሲሉኝ ስልኩን እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ።

አሁንም ጣቴ ይጻፈው እንጂ ልቤ አላመነም። ለኢድ ደውዬ "ጉልበትዎ እንዴት ነው?" ስላቸው "ካንቺ ይሻላል!" ብለው የሳቁብኝ ሰው እንዴት ይሞታሉ?

ወጣቶቹ አታውቋቸውም፣ ስለዚህ ልንገራችሁ።

በጃንሆይ ጊዜ አባዬ ቦርደዴ ሜዳ ላይ እርሻ ነበረው። እኛ አሰበ ተፈሪ እየተማርን ክረምቱን እዚያ ነበር የምናሳልፈው። ትራክተሩን የሚነዱት ጋሽ ሙሜ ነበሩ፣ ያኔ ጎረምሳ ናቸው። ኩራታቸውን ብታዩ! በዚያ ሐሩር ኮት፣ በዚያ አቧራ ጥቁር መነጽር። ከራሳቸው ፊት ይልቅ የትራክተሩን ፊት ነበር አዘውትረው የሚያጥቡት።

ሥራቸው ግን ሥራ ነበር። ያርሳሉ፣ ከወንዝ በበርሜል ውሃ ያመላልሳሉ፣ ጉቶ በሰንሰለት ይነቅላሉ፣ የማሽላ አገዳ ይጭናሉ። ምጥ የያዛት ሴት ካለች ተሳቢው ላይ ፍራሽ ዘርግተው እስከ ዋናው መንገድ ያደርሷታል።

ትራክተሩ አንድ ክፉ አመል ነበረው። ባትሪው ደክሞ በቁልፍ አይነሳም፤ ቁልቁል ሲንደረደር ብቻ ነው የሚነሳው። ስለዚህ ማታ ማታ ከቤታችን ጎን ያለው ዳገት ላይ ያቆሙታል። ማሳ መሃል ምሳ ሲበሉ እንኳ ሞተሩን አያጠፉም። "አቦ፣ የምታቆሚበትን ሳታዪ አትነሺ!" የምትለዋ አባባላቸው ከዚያ የመጣች ናት። ባል ላገባ ስል እንኳ እሷኑ ነው ያሉኝ። ልክም ነበሩ፣ ግን ያን ዛሬ አላነሳውም።

ከእርሻችን ማዶ ጭሰኞች ነበሩ። ወሰናችን ላይ ያለው ማሳ የሼህ አደም ነው። መሬቱ በአባዬ ስም ይሁን እንጂ አርሰው የኖሩበት እነሱና አባቶቻቸው ናቸው። ትራክተሩ ከመጣ በኋላ አባዬ ጭሰኛ አላስፈለገውም። አንድ ክረምት "ልቀቁልኝ፣ በትራክተር አሳርሰዋለሁ" አላቸው። ሼህ አደም ቢለምኑት፣ ሽማግሌ ቢልኩበት እምቢ አለ። አባቴን እወደዋለሁ፤ ይሄን ግን አልሸፍንለትም።

የሚያርሱት ደግሞ ጋሽ ሙሜ ናቸው፣ ከነዚያው ሰዎች ልጆች ጋር ያደጉት። አላርስም ቢሉ በማግስቱ ከድሬዳዋ ሌላ ነጂ ይመጣል።

የዚያን ቀን ዝናቡ ጥሎ መሬቱ ርሷል። ጋሽ ሙሜ የእኛን ማሳ አጋምሰው ወደ ሼህ አደም ወሰን ሲጠጉ፣ እኔ እያየሁ ሞተሩ ዝም አለ። ሜዳ ላይ!

አባዬ እየጮኸ ደረሰ። "ምን ሆነህ ነው?"

"ጠፋብኝ፣ ጌታዬ።"

"አስነሳዋ!"

"ዳገት የለም እኮ፣ ጌታዬ።"

መኪና አምጥቶ እንዳያስጎትት መንገዱ ጭቃ ነው። መሬቱ ሳይደርቅ ካልተዘራ ደግሞ ዓመቱ አለቀ። አባዬ ሲንቆራጠጥ ጋሽ ሙሜ መነጽራቸውን እየወለወሉ "እስከ ዳገቱ በሬ ይጎትተዋል" አሉ። በሬ ያለው ማን ነው? ሼህ አደምና ጎረቤቶቻቸው።

አባዬ እንደምንም ሄዶ ጉዛ ጠራ። እኛ ጋ ደቦን ጉዛ ነው የሚሉት። አይመጡም ብዬ ነበር። ግን ጉዛ ተጠርቶ መቅረት ነውር ነው። የማዶው በሬ ሁሉ ተጠምዶ መጣ፣ ሰንሰለቱ ታሰረ፣ ዘፈኑ ቀለጠ። በሬ ትራክተር ሲጎትት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ! ጋሽ ሙሜ መሪውን ይዘው እንደ ሙሽራ ተኮፍሰዋል።

ጉዛ የጠራ ያበላል። እማዬ አባዬን ሳትጠይቅ ሙክት አስመጣች፣ ጋሽ ሙሜ ቢስሚላሂ ብለው አረዱት። ሁሉም በልቶ፣ የቡና ገለባ ሆጃውን ጠጥቶ ሲያበቃ ሼህ አደም ተነሱ።

"ዛሬ የኛ በሬ ያንተን ባቡር ጎተተ" አሉት አባዬን፣ ትራክተሩን ማለታቸው ነው። "ነገ ያንተ ባቡር ለኛ ያርሳል። ጉዛ እንዲህ ነው፣ አቦ።"

ትራክተሩ ለእነሱ ካረሰ ዘሩ የእነሱ ነው። ዘራቸውን ከዘሩ ማን ያነሳቸዋል? አባዬም ገብቶታል። የጉዛ ብድር ያልመለሰ ሰው ግን በዚያ አገር ቢታመም ጠያቂ፣ ቢሞት ቀባሪ የለውም። ሰው ሁሉ ቁጭ ብሎ ያየዋል። በመጨረሻ አባዬ "እሺ" አለ።

በማግስቱ ጋሽ ሙሜ የሼህ አደምን ማሳ ለሼህ አደም አረሱ። ከዚያ በኋላ መሬት ላራሹ እስኪታወጅ ድረስ አንድም ሰው ከዚያ አልተነቀለም።

ካረጀን በኋላ "ጋሼ፣ እውነት ጠፍቶብዎት ነው?" አልኳቸው።

"በእጄ ነው ያጠፋሁት" አሉኝ። "የማቆምበትን አይቼ።"

አባቴን የሚያህል ባለርስት ሳይጮሁበት፣ ሳይሰድቡት፣ በገዛ ወጉ አስረው እሺ አሰኙት። እኔ በዚህ ሰው እኮራለሁ። ዛሬ እያለቀስኩም እኮራለሁ።

ጋሽ ሙሜ፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ ቀበሩዎት፣ እኔ አልደረስኩም። ይቅር ይበሉኝ። አላህ ይዘንልዎ፣ ደህና ይሁኑ ጋሼ። መቃብርዎን የቆፈሩት የሼህ አደም የልጅ ልጆች ናቸው አሉኝ። ከማሳቸው ላይ ተጠርተው፣ ዶማቸውን እንደያዙ ነው የመጡት።