ያን ማክሰኞ ያልበራው ሳጥን

መጋቢት አሥራ ሰባት፣ ማክሰኞ ነበር። እሷ የምታስታውሰው እንደዚያ ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን ካርድ ስትደረድር ድምፅዋን አውጥታ፣ «አሥራ ስድስት ቢሆንስ? ሰኞ እኮ ፈቃድ ላይ ነበርኩ» ትላለች። ከዚያ የዚያን ዓመት የቀጠሮ መዝገብ ከመደርደሪያ ታወርድና የአሥራ ሰባትን ገጽ ትገልጣለች። የራሷ እጅ ጽሕፈት ነው፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ አሥራ ዘጠኝ በሽተኛ መዝግባለች። ማክሰኞ ነው፤ እሷም ነበረች። መዝገቡን መልሳ ትሰቅላለች። ወር ሁለት ወር ቆይታ እንደገና መጠራጠሯ አይቀርም።

የሆስፒታሉ ራጅ ክፍል መዝገብ ያዥ ናት። ጠረጴዛዋ በሽተኞች ካርድ ከሚያቀብሉበት መስኮት ሥር ነው፤ ከጀርባዋ፣ ክንዷን ብትዘረጋ በምትደርስበት ርቀት፣ ሰርቨሩ የተቀመጠበት የብረት ቁም ሳጥን አለ። የአሥራ አንድ ዓመት የራጅ ምስል እዚያ ውስጥ ነበር። የማንም ደረት፣ የማንም ወገብ፣ የማንም የተሰበረ ክንድ።

ሰርቨሩን የሚጠብቀው ሰውዬ ሃምሳ አምስትን የተሻገረ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበር። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቀው የሰው ኃይል ክፍል ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ «ጋሽ ይዘጋ» ይለዋል። ስለ ምንም ነገር ቢጠይቁት መልሱ «ይዘጋ» ነዋ። ይሄ መስመር ለምንድን ነው? ይዘጋ። ይሄን ፕሮግራም ማን ይጠቀምበታል? ማንም ካልተጠቀመ ይዘጋ። የሻይ ፔርሙስ ክዳን እንኳ ላልቶ ካየ ሳያጠብቅ አያልፍም። ራጅ አንሺዎቹ፣ «ሚስቱ ቤት የምትገባው በይለፍ ቃል ነው» እያሉ ይስቁበት ነበር። እሱም አብሮ ይስቅና፣ «በየሦስት ወሩም ትቀይራለች» ይላቸዋል።

ከሁለት ዓመት በፊት የምድር ቤቱ ቧንቧ ፈንድቶ፣ የምስሎቹ መጠባበቂያ ቅጂ የነበረባቸው ዲስኮች ውሃ በልቷቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ምስሎቹ ያሉት አንድ ቦታ ብቻ ሆነ። ሰውዬው ሁለት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ሲጽፍ ኖሮ፣ በመጨረሻ የጫማ ካርቶን የምታክል፣ ማራገቢያ ያላት የዲስክ ሳጥን ተገዛችለት። ያን ማክሰኞ ጠዋት ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አስቀምጦ አበራት።

እሷ ደግሞ ያን ዕለት ራሷን አሟት ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄ ያመጣኸው ነገር ሄሊኮፕተር ነው እንዴ?»

«ዲስክ ነው እህቴ። ይሄን ሁሉ ደረትና ወገብ ልገለብጥበት ነው።»

«አፈር ስሆን ለዛሬ ብቻ አጥፋልኝ። ራሴ ለሁለት ሊከፈል ነው።»

«አፈር አትሁኚ፣ ይኸው» አለና አጠፋት። «ዛሬ ሌላ ሥራም አለብኝ። ነገ እንገለብጣለን።»

ሌላው ሥራ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ አርባ አንድ ተራ ቁጥር ያለው ዝርዝር ነበር። በአንድ ሌላ ሆስፒታል ሌቦች በኢንተርኔት ገብተው ኮምፒውተሮቹን ስለቆለፉ፣ ሁሉም ሰርቨሩን ከውስጥ እንዲያጠብቅ ታዘዘ። ሐሙስ ይመጣሉ የተባሉት ተቆጣጣሪዎች ደግሞ ረቡዕ እንደሚመጡ ያን ጠዋት ስልክ ተደወለ። በእሱ ልማድ መጀመሪያ ቅጂ ይወሰዳል፣ ከዚያ ይዘጋል። ያን ቀን ግን ጊዜ አጠረው። ሁለት ዓመት ያለ ቅጂ የኖረ ነገር አንድ ቀን ቢጨምር ምን ይሆናል ብሎ ቀይ እስክሪብቶውን አወጣ።

በምሳ ሰዓት፣ ራጅ ክፍሉ ባዶ ሲሆን፣ አዲሱ አሠራር እንዲገባ ሰርቨሩን አጥፍቶ አስነሳው። ሰርቨሩ አራት ዓመት ጠፍቶ አያውቅም። ጢቅ ጢቅ አለና ዝም አለ። እንደገና ሞከረ፣ ዝም። በሦስተኛው ዲስኩ እያቃሰተ መዞር ጀመረ። ሰውዬው ግንባሩን በክንዱ ጠረገ።

«አረጀ?» አለችው።

«እንደኔው።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አርባ አንደኛው ቁጥር ላይ ደረሰ። ለሥራው የሚያዳምጠው ሰው ማግኘት ደስ ይለው ስለነበር ወንበሩን አዙሮ አስረዳት።

«የዚህ ማሽን እምብርት ከርነል ይባላል። ሁሉን የሚያዘው እሱ ነው። አዲስ ዕቃ ስትሰኪለት ቋንቋውን አያውቅም፤ ከዲስክ ላይ አንድ አስተርጓሚ ጠርቶ ያስገባል። ሌባም አንዳንዴ አስተርጓሚ ነኝ ብሎ ነው የሚገባው። ይቺን መስመር ስጽፍ ግን በሩ ይዘጋል። እስካሁን የገቡት ይሠራሉ፣ ከእንግዲህ አዲስ አይገባም።»

«አንተ ትከፍተዋለህ እንጂ።»

«እኔም አልከፍተውም። ማሽኑ ጠፍቶ ካልተነሳ ማንም አይከፍተውም። ቁም ነገሩ እሱ ነው።»

ጻፈ፣ ቁልፉን ተጫነ፣ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አደረገ። ደስ ብሎት ነበር። ያን ፊቱን ዛሬም አትረሳውም።

ረቡዕ ተቆጣጣሪዎቹ መጡ፣ አገላብጠው አዩ፣ አመሰገኑ። አንደኛው ጨብጦት፣ «እንዲህ የተጠረቀመ አላየንም» ብሎ ወጣ። ራስ ምታቷ ለቋት ስለነበር፣ ሰዎቹ እንደወጡ፣ «በል ሄሊኮፕተርህን አስነሳ» አለችው። ሳጥኗ በራች፣ ማራገቢያዋ ጮኸ። ሰርቨሩ ግን አላያትም። ገመዱን ነቅሎ ሰካ፤ ቦታ ቀይሮ ሰካ። ከዚያ እጁ ገመዱ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ምነው?»

«አስተርጓሚዋ አልገባችም» አለ ቀስ ብሎ። «ትናንት ማሽኑ ሲነሳ ሳጥኗ ጠፍታ ነበር። የጠራት የለም። ከዚያ በሩን ዘጋሁት።»

አጥፋልኝ ያለችው እሷ ነበረች። ወደ እሷ ይዞራል ብላ ጠበቀች። አልዞረም።

«ታዲያ ክፈተው በቃ።»

«ማን፣ እኔ? አያውቀኝም እኮ። እንዳያውቀኝ አድርጌ ነው የሠራሁት።»

ይህን ሲባባሉ ከቁም ሳጥኑ ውስጥ ጢቅ የሚለው ድምፅ እንደገና ተሰማ።

የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ተጠርተው መጡና እንደቆሙ ሰሙ። በሽተኛ ሲመረምሩ እንደሚጠይቁት ጠየቁ።

«አጥፍተህ ብታስነሳው ይነሳል?»

«አላውቅም ዶክተር። ትናንት በሦስተኛው ነው የተነሳው።»

«ባይጠፋስ?»

«ዲስኩ እየሞተ ነው። ዛሬ ይሁን በወሩ አላውቅም።»

ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

የቀረው ቀዳዳ አንድ ነው፤ በኔትወርኩ ገመድ በኩል ወደ ቢሮው ኮምፒውተሮች መገልበጥ። ኮምፒውተሮቹ ሦስት ናቸው፣ ትንንሽ ናቸው፣ ቢጠራቀሙ ሩቡን እንኳ አይችሉም። ሳጥኗ የተሠራችው ለሰርቨሩ ዓይነት መሰኪያ ስለሆነ እነሱ ላይ አትሰካም። «ሕክምና ላይ ካሉት ጀምሩ» አሉ ዶክተሩ። «ድነዋል ያልናቸው ይቆዩ።»

ረቡዕ ከሰዓት፣ ሐሙስና ዓርብ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እሷ ከመዝገቡ የካርድ ቁጥር ታነባለች፣ እሱ ይገለብጣል። እሱ ቁጥር ነው የሚሰማው፤ እሷ ግን ከእያንዳንዱ ቁጥር ጋር ፊት ይመጣባታል። ይቺ መንታ የወለደችው። ይሄ ከጣሪያ የወደቀው። አንድ ቁጥር ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ጡረተኛው የመሬት ቀያሽ፣ ሳንባው ላይ ነጥብ ታይቶ ስድስት ዓመት በየጊዜው ሲመላለስ ኖሮ ባለፈው ዓመት «አላደገም፣ ጠባሳ ነው» ተብሎ የተሰናበተው። ከካርዱ አናት «ድኗል» የሚል ማኅተም አለ። ዘለለችው።

ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ ሦስቱም ኮምፒውተሮች ሞሉ። ድምፁም ተደጋገመ፣ ምስሎች ተቆራርጠው ይወጡ ጀመር። ዶክተሩ በሩ ላይ ቆመው፣ «ከመጠበቅ ይሻላል፣ ሞክረው» አሉ። ሰውዬው መጀመሪያ ሳጥኗን አበራ፤ አስተርጓሚዋ እንድትጠራ። የዘጋበትን መስመር ሰረዘ። ከዚያ ሰርቨሩን አጠፋ።

ሲያስነሳው ዝም አለ። ስምንት ጊዜ ሞከረ። በስምንተኛው ጢቅታውም ቀረ። የምትሰማው የሳጥኗ ማራገቢያ ብቻ ነበረች። እሱም እጁን ዘረጋና አጠፋት። እሷ ማክሰኞ የለመነችው ጸጥታ ክፍሉን ሞላው።

በሳምንቱ ሪፖርት ተጠየቀ። በእጁ ጽፎት መጣና እሱ እያነበበ እሷ ተየበች። የተገዛበትን ቀን፣ ዝርዝሩን፣ ሰዓቱን ሁሉ አስቀምጦታል። «የዲስክ ሳጥኗ በዕለቱ ጠፍታ የነበረችው» አለ፣ «ሥራ ላይ ያልዋለ ዕቃ የማጥፋት የግል ልማድ ስላለኝ ነው።»

ጣቶቿ ቆሙ።

«ጋሼ...»

«ቀጥዪ» አለ። ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ነበር። «በመሆኑም ኃላፊነቱ የእኔ ነው። ነጥብ።»

ቀጠለች፤ ነጥቡንም አደረገች። ያን ሌሊት ሳይሆን፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ቀኖች ሁሉ፣ ሻይ ስትቀዳ፣ ካርድ ስትፈልግ፣ አንድ ነገር ይመላለስባት ጀመር። እሷን ሊሸፍን ነው ወይስ ከድንጋጤው ብዛት ጭራሽ ረስቶት ነው? ከሸፈናት፣ ዕዳ እንዳለባት ታውቃለች። ከረሳው ደግሞ፣ ይህን ነገር በዓለም ላይ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት ማለት ነው። የትኛው እንደሚከብድ መወሰን አቃታት። ልጠይቀው ትልና፣ አንዱ ይገባል፣ ስልክ ይጮኻል፣ ወይም ራሷ አፏን ትይዛለች።

እሱ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወረ፤ ከተማው ማዶ ነው። የመጨረሻ ቀኑ ቁልፍ ሊያስረክብ መጣ። ቁልፎቹን ጠረጴዛዋ ላይ አንድ በአንድ ዘረጋ። የቁም ሳጥኑ፣ የመስኮቱ፣ የምድር ቤቱ። ፈረመች። ክፍሉ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ?»

«ጠይቂ እህቴ።»

በዚህ መሐል በመስኮቱ በኩል ባርኔጣውን በእጁ የያዘ ሰው ብቅ አለ፤ ቀያሹ ነበር። ከስቷል።

«ይቅርታ ልጄ፣ ሳል አልለቅ ብሎኝ መጣሁ። ዶክተሩ አዲሱን አይተው፣ የድሮውን አምጪላቸው ብለዋል። ነጥቡ ያው ይሁን ያደገ ማስተያየት አለባቸው አሉ።»

ካርዱን ተቀበለችው። ማኅተሙን አየችው። ያኔ የዘለለችውን ቁጥር ሁለት ጊዜ አነበበች፣ እንደማታውቀው ሁሉ። ከዚያ ወደ ኋላዋ ዞረች።

ቁልፎቹ ጠረጴዛው ላይ በሰልፍ ተደርድረዋል። ሰውዬው ሄዷል፤ በሩ በዝግታ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ተዘግቷል።