ቅርጫ የማትሆን ፒካፕ

ኧረ እንዴት ያለ ሰው አየሁ መሰላችሁ! ከብልባላ ወደ ላሊበላ የተሳፈርንባት ፒካፕ ባለቤት ነው። ጋቢውን አጣፍቶ መሪውን እንደ ሞፈር እርፍ ጨምድዶ ይይዛል። መኪናዋ አዲስ ናት፤ የወንበሯ ላስቲክ እንኳ አልተነሳም። ሞተሯ ግን ዳገት ባየ ቁጥር ቀጥ ይላል። ጋራዥ ቢወስዳት "ምንም የለባትም" ብለው መልሰውለታል።

ዳገቱ መሀል ላይ እንደገና ስትጠፋ ወረደና ከወንበሩ ኋላ ጅራፍ መዘዘ። አዎ፣ ጅራፍ! ኮፈኗን ገርፎ ገርፎ አልወጣለት ሲል፣ በድንጋይ የፊት መብራቷን አደቀቀው። ከዚያ በቡጢ ያዛት፤ ጣቶቹ ተልጠው ነጩ ኮፈን ደም በደም ሆነ። እኛ ተሳፋሪዎቹ መንገድ ዳር ተኮልኩለናል፤ ማን ደፍሮ ይያዘው!

"በሬ ብትሆኚ አርጄ ቅርጫ አደርግሽ ነበር!" ይላታል። "አንቺን ማን ይበላሻል? ቤቴን ከነቦታው፣ በሬዎቼን ከነቀንበራቸው ሸጬ የገዛሁሽ!"

ጅራፉን እንደገና አንስቶ አጮኸና፣ በሬ ከትልም ጫፍ እንደሚያዞር አራሽ "ተመለስ!" ብሎ ጮኸባት።

ፒካፗ ንቅንቅ አላለችም። ከመንገዱ በታች ግን አንድ ገበሬ ያርስ ነበር፤ ከጥማዱ ዳልቻው በሬ ትልሙን ሳይጨርስ ጓደኛውን እየጎተተ ወደኛ ዞረ።

"ኧረ በማርያም ጋሼ!" አለ ገበሬው። "እርሻዬን አበላሹብኝ እኮ!"

የሰውዬው እጅ አየር ላይ ቀረ። ጅራፉን ቀስ ብሎ አወረደና የሚደማ ጣቱን በጋቢው ጠቀለለ።

"ዳልቻው የኔ ነበር" አለን። "አሁንም ድምጤን ያውቃል።"