የእናቴ አንገት

ሥራዬ የአንጎልና የህብለ ሰረሰር ምስል ማንሳት ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ተመራማሪ ነኝ። ይህን ለእናቴ ስንት ጊዜ አስረዳኋት፣ እሷ ግን ዛሬም "ልጄ ዶክተር ናት" እያለች ወገቡን ያመመውን ሁሉ ወደ እኔ ስልክ ትልካለች።

ፋሲካ ሲቃረብ ስለ አንገት ሕመም ለምናደርገው ጥናት ስድሳን ያለፈ ጤነኛ ሰው አጣን። የታመሙትን አንገት ከጤነኛ ጋር ካላስተያየን ጥናቱ ዋጋ የለውም። የኛን ሰው ደግሞ ሳያምህ ሆስፒታል ግባ ማለት ሟርት ነው። የጠየቅኳቸው ሁሉ መርቀውኝ ሸሹ። እናቴ ይህን ስትሰማ ተቆጣች። "እኔ እያለሁ ሰው ትለምኛለሽ?" ብላ በሰሙነ ሕማማት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ከምትኖርበት ከሊልበርን ራሷ ነድታ እኔ ወደምሠራበት ወደ ዲኬተር መጣች።

ቅጹን የምትሞላው አማርኛ የማታውቅ ባልደረባዬ ነበረች፤ እኔ አስተረጎምኩ።

"እጅሽ ይደነዝዛል?"

"ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ስትራመጂ ያንገዳግድሻል?"

"ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ።"

"ዕቃ ከእጅሽ ያመልጥሻል?"

"ምነው ልጄ፣ ክፉ አታውሪ።"

ሦስቱንም "ኖ" ብዬ አስተረጎምኩ። እኔን ብሎ ተመራማሪ! አባቴ ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው ለደወለ ሁሉ "ደህና ነኝ" ሲል አጠገቡ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። የኛ ሰው እንዴት ነህ ሲሉት እውነቱን እንደማይናገር እያወቅኩ፣ ቅጽ ላይ ሲሆን አመንኩ።

ለሁሉም የምንሰጠውን፣ ሥሩ ላይ የጎማ ነጠብጣብ ያለበትን ቢጫ ካልሲ ሰጠናት። ወደደችው። "ልወስደው እችላለሁ?" አለችና አልጋው ላይ ተኛች፤ ማሽኑ ውስጥ አስገባናት።

መጀመሪያ የመጣው ምስል አንገቷን ከጎን ያሳያል። ህብለ ሰረሰር በነጭ ፈሳሽ ተከቦ ቁልቁል መውረድ አለበት። የእሷ ግን መሃሉ ላይ ነጩ ጠፋ። በአጥንቶቹ መሃል ያለው ዲስክ ወደ ኋላ ተገፍቶ ህብለ ሰረሰሯን እንደ ተረገጠ የውሃ ጎማ አቅጥኖታል። እንዲህ ያለ አንገት ያለው ሰው በአንድ መጥፎ አወዳደቅ እጅና እግሩን ሊያጣ ይችላል። ባልደረባዬ ወደ እኔ አላየችም፤ እሷም አይታዋለች ማለት ነው።

"ምን አየሽ?" አለችኝ እናቴ ስትወጣ።

ሐኪም ሳያነበው ስለ ምስሉ አንድ ቃል መተንፈስ አይፈቀድልኝም። እውነቱን ለመናገር ግን አፌን የያዘው ደንቡ አይደለም። ፈራሁ። "ደህና ነሽ" አልኳት። ካልሲውን እንዳደረገች ሄደች።

ምስሉን "አስቸኳይ" ብዬ ለሐኪሙ ላክሁት። አመሻሽ ላይ እናቴ ደወለች። "ነገ ስልኬ ዝግ ነው፣ እንዳትጨነቂ። ስቅለት አይደል?" ቀኑን ሙሉ ስግደት ነው፤ በግንባር መሬት መንካት፣ መነሳት፣ እንደገና መውደቅ።

"ዘንድሮ ቁጭ ብለሽ ብትጸልዪስ?"

"ለምን? ደህና ነሽ አላልሽኝም?"

"በይ ደህና እደሪ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል፣ ሐኪሙ ይንገራት እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

አርብ ጠዋት ሐኪሙ ደወለ። "ይህች ሴት ምንም የሕመም ምልክት የላትም ያለው ማነው?" አለኝ። "እኔ ነኝ" አልኩት። እንዳትወድቅ፣ አንገቷ እንዳይነቃነቅ፣ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ትምጣ አለ።

ስልኳ ዝግ ነው። የምትሰግድበት ቤተ ክርስቲያን ሊቶኒያ ነው። ሀይዌይ ላይ ፊቴ የተገተረውን ትራክም ራሴንም እየሰደብኩ ነዳሁ። ጫማዬን በር ላይ ጥዬ ገባሁ። ሁሉም ነጭ ለብሷል፤ ሁሉም ተከናንቧል። "ኪርያላይሶን" በተባለ ቁጥር ሕዝቡ አብሮ ይወድቃል፣ አብሮ ይነሳል፤ እኔ የሚታየኝ አንገት ብቻ ነው። ማንን ከማን ልለይ? ጎንበስ ብዬ እግር እግር ማየት ጀመርኩ።

ግድግዳው አጠገብ ቢጫ ካልሲ አየሁ። ሰው ሁሉ ተነሳ። ቢጫው ካልሲ አልተነሳም።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። አጠገቧ ተንበርክኬ ሁለት እጄን አንገቷ ግራና ቀኝ አደረግኩ።

"እማዬ፣ አትንቀሳቀሺ።"

"ምን ሆነሻል አንቺ? ሰው ያያል።"

"ትናንት ዋሽቼሻለሁ። አንገትሽ ደህና አይደለም።"

የቅጹን ጥያቄ እንደገና ጠየቅኳት።

"እጅሽ ይደነዝዛል?"

"ከገና ጀምሮ" አለች፣ ግንባሯ ምንጣፉ ላይ እንዳለ።

"ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?"

"ጤነኛ ሰው ነው የምፈልገው አላልሽም?"

ጣቴን መዳፏ ውስጥ አስገብቼ ጨብጪኝ አልኳት። መጨበጧን ያወቅኩት በዓይኔ ስላየሁ እንጂ ጣቴ ተሰምቶት አይደለም።

አጠገባችን የምትሰግድ አንዲት ሴት ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ ጎንበስ አለች። "ምነው እህቴ፣ ደህና አይደለሽም እንዴ?"

የእናቴ አፍ እንደ ልማዱ ተከፈተ። ያ ቃል እስኪወጣ ጠበቅኩ።

"አይደለሁም" አለች። "እግሬ አልነሳም ብሎኛል።"