ትኬቴን አልሰጥም ያልኩበት ጉዞ

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት

መርካቶ ሸማ ተራ ካለው ሱቄ ተነሥቼ ወደ ሮም የሄድኩት ልጄን ሰናይትን ልድር ነው። ሠርጉ በማግስቱ እሁድ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ሸማኔው ሁለት ወር የደከመበትን የሙሽራ ቀሚሷን ለሻንጣ ጫኚ አላምንም ብዬ በእጄ ይዣለሁ። መንግሥት ከተለወጠ ወዲህ ፓስፖርት ማውጣት ቀሎ የመርካቶ ነጋዴ ሁሉ መብረር ጀምሯል፤ እኔ ግን የመጀመሪያዬ ነው። አየር መንገዱ የውጭ ነው፤ ስሙን አልጠራም።

ከጎኔ የተቀመጡት ሐጂ ከድር ሆኑ፤ ጎጃም በረንዳ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጡ፣ በመልክ የማውቃቸው ሽማግሌ። እሳቸውም ሮም ለዕቃ ይሄዳሉ። የልጄን ነገር አጫወትኳቸው። ቢሆንም ሰውን በመልክ ማወቅ ማወቅ አይደለምና ቦርሳዬን ወደ መስኮቱ አዛወርኩ።

ካይሮ፣ እኩለ ቀን

እዚህ አውሮፕላን መለወጥ ነበረብን፤ የምንቀጥልበት ተበላሽቷል ተባለ። አንድ የደንብ ልብስ የለበሰ ጎልማሳ መጥቶ ትኬታችንን መሰብሰብ ጀመረ። ያን ጊዜ ትኬት እንደ ቼክ በቅጠል የሚገነጠል ወረቀት ነው፤ እሱ ከጠፋ መንገደኛ መሆንሽም ጠፋ። ሐጂ ዐረብኛ ስለሚችሉ አስረዱኝ። በረራ ሲዘገይ ምግብ የማግኘት መብት አለን፤ ትኬቱንም ወስዶ ማታ በሚነሣ በሌላ አየር መንገድ ያስጽፍልናል።

ነገሩ ጭራሽ አላማረኝም። መርካቶ ውስጥ ሻይ የሚጋብዝሽ ነጋዴ ዋጋ ሊቆልልብሽ ነው። "ቆይ መጣሁ" ብሎ ዕቃ ተቀብሎ፣ በአንድ በር ገብቶ በሌላው የሚሾልከውን ስንቱን አይቻለሁ! ይኼም ትኬቱን ሰብስቦ ወደ ጓዳ ሊገባ ነው፤ ደረሰኝ የለ፣ ምን የለ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ።

"ትኬቴ ከእጄ አይወጣም" አልኩ።

ሐጂ ሰጡ፣ ሌላውም ሁሉ ሰጠ። ሰውየው ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ለመነኝ፤ በለመነኝ ቁጥር ጥርጣሬዬ ባሰ። ሌባ ካልሆነ ምን አስለመነው? ያመጣልኝን ሩዝና ዶሮም አልነካሁ፤ ቋጥሬ የመጣሁትን ዳቦ ቆሎ እየቆረጠምኩ ተቀመጥኩ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሰውየው ተመለሰ። ሁሉንም በስም በስም እየጠራ፣ ትኬታቸውን ከአዲስ መሳፈሪያ ወረቀት ጋር አደላቸው። ክው አልኩ። ሮጬ ትኬቴን ብዘረጋለት ወንበሩ አልቋል አለ። ሐጂ ተከራከሩልኝ፤ አልሆነም። የኔው አውሮፕላን ተጠግኖ የሚነሣው ነገ እኩለ ቀን ነው።

ሐጂ ወደ መሳፈሪያው ሄደው እንደገና ተመለሱ።

"በላይነሽ፣ ቀሚሱን እንኳ ስጪኝ። ልጅሽ እዚያ ትጠብቅሽ የለ? አደርስላታለሁ።"

ፊታቸውን አየሁ፤ እጃቸውን አየሁ። ከዚያ ቦርሳውን ደረቴ ላይ አስጠጋሁት። "አይ ሐጂ፣ እኔው ብይዘው ይሻላል።" አልተቀየሙኝም፤ የሚያበሽቀኝም እሱ ነው።

ሮም፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ

ሰናይት ከባሏ ጋር መጥታ ተቀበለችኝ። ከጓደኛዋ የተዋሰችው ነጭ ቀሚስ ሰፍቷት ወገቡ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ሠርጉ አልቋል።

ትናንት ማታ አንድ ሐጂ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ያገኙትን ሐበሻ ሁሉ እየጠየቁ ፈልገው እንዳገኟት ነገረችኝ። እናትሽ ደህና ናት፣ ነገ ትመጣለች፣ አይዞሽ ብለዋታል። ቀሚሱስ ስትላቸው ግን ወሬ ለውጠው ሻንጣቸውን አንሥተው ሄዱ። ልሸሽግ አልቻልኩም፤ ላድርስ ብለውኝ እምቢ እንዳልኳቸው እኔው ነገርኳት። ቀሚሱን ተቀብላኝ አለቀሰች፤ እኔም አፈርኩ።

ሸማ ተራ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ

እንደተመለስኩ ጎጃም በረንዳ ሄጄ ሐጂን ይቅርታ ጠየቅኩ። እሳቸው የጠየቁኝ ስለ ልጄ ብቻ ነው።

ለሚበር ሁሉ የምነግረው ይኼን ነው፦ በረራ ሲዘገይ ምግብና ማረፊያ፣ ሌላ በረራም መጠየቅ ልመና አይደለም፤ ይገባችኋል። መጠርጠሩን እኔም አልተውኩም። ግን የጠረጠረ ሰው ደረሰኝ ይጠይቃል፤ እምቢ ካሉት ትኬቱን ይዞ ሰውየውን እስከ ቢሮው ይከተላል። እኔ ሁለቱንም አላደረግኩም፤ ቁጭ ብዬ ጠረጠርኩ።

የሠርጉን ፎቶ ሱቄ ውስጥ ሰቅዬዋለሁ። ጥበብ ሊገዛ የመጣ ሁሉ የሙሽራይቱን እናት ይፈልግበታል። ባለፈው አንዷ ደንበኛዬ ተጠግታ አይታ አይታ፣ "እትዬ፣ እርስዎ የት ነዎት?" አለችኝ።

"ካይሮ" አልኳት፤ "ትኬቴን ይዤ።"