መካኒኩ ፓንክራት ለልጁ የሰጣት ዝምታ

የክላቭዲያ አባት ፓንክራት ጦርነቱን ያሳለፈው ከአውሮፕላን ሆድ ሥር ነው። በሰማይ የተዋጉት ሜዳሊያቸውን ደረታቸው ላይ ደርድረው ሲንጎራደዱ፣ እሱ ይዞ የተመለሰው ቤንዚን የበላው ሳንባና ጫፍ ጫፋቸው የደነዘዘ ጣቶች ብቻ ነበር። በበረዶው ወራት በጓንት የማይፈታ ቡሎን አለ። ጓንትህን አውልቀህ ትይዘዋለህ፤ ብርዱ ጣትህን ከብረቱ ጋር ያጣብቀዋል፤ ስትላቀቅ ቆዳህን እዚያው ትተህ ትመጣለህ። ፓንክራት ይህንን ሲናገር ስለ ሌላ ሰው ጣት የሚያወራ ነበር የሚመስለው።

ዶን ወንዝ ዳር ባለችው በፓቭሎቭስክ ከተማ ደግሞ መካኒክ ነበርኩ ማለት የሚያስከብር ነገር አልነበረም። የድል በዓል በመጣ ቁጥር ቢራ መሸጫው ጋ የሚሰበሰቡት የቀድሞ እግረኞች «ፓንክራት፣ ስንት ጀርመን በጨርቅ ጠርገህ ገደልክ?» ይሉታል። እሱም «ጨርቁን ለእናንተ አፍንጫ ቆጥቤዋለሁ» ይልና ብርጭቆውን ጨልጦ ወደ ቤቱ ያዘግማል። ሰው ሲያሾፍበት የማይናደድ ይመስላቸው ነበር። ሞኞች።

ክላቭዲያ ልጅ ሳለች አባቷን ከጀግኖቹ ሁሉ ታስበልጠው ነበር። በተለይ ስለ ጥበቃው ሲያወራላት ትወዳለች። አውሮፕላኑ ተነሥቶ ሲሄድ መካኒኩ የሞተሩን መሸፈኛ ሸራ ሣር ላይ ያነጥፍና ሰማይ ሰማይ እያየ ይቀመጣል። አይበላም፣ ካርታ አይጫወትም። ነዳጁ አሁን አልቋል ተብሎ እስኪታወቅ ድረስ ከዚያች ሸራ ላይ አይነሣም። አብራሪው ሳይመጣ ሲቀር ጓደኞቹ ቀስ ብለው መጥተው በብብቱ ይዘው ብድግ ያደርጉታል። «አንተን ስንቴ ብድግ አደረጉህ?» ትለዋለች። «ተይ እሱን፣ ተኚ» ይላታል።

ያልነገራት ነገር ቢኖር የወንድሙን የዬፊምን አሟሟት ነው። ዬፊምም በዚያው ክፍለ ጦር መካኒክ ነበር። ቤት ውስጥ የሚታወቀው፣ አያቷ ኡልያናም የምታምነው፣ ኩፒያንስክ አጠገብ እንቅልፍ ላይ ሳለ ቦምብ ወድቆበት መሞቱን ነው። ኡልያና «ተመስገን፣ ልጄ ሳይፈራ ሞተ» ትል ነበር። ከአንዲት እናት የሚወሰድ ሁሉ ተወስዶባት፣ የቀረላት ማጽናኛ ይህ ብቻ ነበር።

ክላቭዲያ ሃያ ስድስት ሲሞላት፣ ወተት ፋብሪካ ውስጥ ቅቤ ስትጠቀልል በምትውልበት ጊዜ፣ ግሌብ የሚባል የመንገድ መሐንዲስ ተዋወቀች፤ ብዙም ሳይቆይ አረገዘች። ግሌብ አልሸሸም። ሽማግሌ ልላክ አለ። እሷም የደስ ደስ ብሏት ለአባቷ ነገረችው።

«እሑድ አባቱ ራሳቸው ናቸው የሚመጡት» አለችው ሾርባውን እየጨለፈችለት። «አርካዲ ቮሮኒን ይባላሉ። እንዳንተው አየር ኃይል ነበሩ። አብራሪ።»

ፓንክራት ማንኪያውን አስቀመጠ። እናቱ ጓሮ ውስጥ ዶሮ ስትመግብ በመስኮት አያትና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ዬፊምን የገደለው እሱ ነው» አላት።

ያኔ ሁሉንም ነገራት። ክፍለ ጦሩ ማረፊያ ሲቀይር ለመካኒክ መኪና አይመጣም ነበር። አዲሱ ሜዳ ላይ ግን አውሮፕላኑን የሚቀበል እጅ የግድ ያስፈልጋል። ስለዚህ እያንዳንዱ አብራሪ አንድ መካኒክ ከወንበሩ ጀርባ፣ ጭራው ውስጥ ባለች ጠባብ ባዶ ቦታ፣ እንደ ጆንያ አጋድሞ ይጭናል። ፓራሹት የለ፣ መስኮት የለ፤ ክዳኗ የምትከፈተው ከውጭ ነው። አውሮፕላኑ ከተመታ አብራሪው ወይ እንደ ምንም ሊያሳርፈው ይሞክራል፣ ወይ ከኋላው ያለውን ሰው ትቶ ይዘላል። ፓንክራት ቀድሞ ደርሶ፣ ሸራውን አንጥፎ ወንድሙን ሲጠብቅ ነበር። አውሮፕላኑ እየነደደ ሲመጣ አየ። ሰማይ ላይ የተከፈተው ፓራሹት አንድ ነበር።

«ሌሎቹ አልዘለሉም» አለ ፓንክራት። «እየነደዱ ያሳረፉ አሉ። አብረው የሞቱ አሉ። እሱ ግን ዘለለ።»

«ሃያ ዓመት አለፈው እኮ አባዬ።»

«እኔ ላይ አላለፈም።»

ክላቭዲያ እጁን ያዘችና ሆዷ ላይ አደረገችው። «በሞቴ። አርግዣለሁ። አንዲት ቃል ከአፍህ ከወጣች ልጃቸውን ይዘው ይሄዳሉ፤ እኔ ዲቃላ ታቅፌ የፋብሪካ ሴቶች መሳቂያ እሆናለሁ። ዝም በልልኝ። ሌላ ምንም አልለምንህም።»

ፓንክራት እጁን ከሆዷ ላይ አላነሣም። «ዝም እልልሻለሁ» አለ።

እሑድ አርካዲ ቮሮኒን ከሚስቱ ከኒና፣ ከልጁ ከግሌብና ጥልፍ ፎጣ ላይ ከተጫነ ትልቅ ዳቦ ጋር መጣ። ሰፊ፣ ቀይ፣ ሳቂታ ሰው ነው፤ ገና ከመግባቱ ቤቱን ሞላው። ፓንክራትን አቀፈው፣ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ፊቱን አላወቀውም። አብራሪ የራሱን መካኒክ ያውቅ ይሆናል፤ የሌላውን ግን ከነዳጅ በርሜሉ ለይቶ አያየውም። ክላቭዲያ ዳክዬውን አቀረበች፣ በጨው የተዘፈዘፉትን ኪያሮች ደረደረች፣ ቮድካው ተቀዳ። ኡልያና ምድጃው ጥግ ተቀምጣ ጆሮዋን በእጇ ደግፋ ታዳምጣለች።

«አንተስ አማቼ፣ የት ነበርክ በጦርነቱ?» አለ አርካዲ።

«አውሮፕላን እጠርግ ነበር» አለ ፓንክራት።

«አሃ፣ ጨርቁ! በል ለጨርቁ እንጠጣ። እናንተ ባትኖሩ መስታወቱን ማን ያጠራልን ነበር?» ተሳቀ። ፓንክራትም ጠጣ። አርካዲ ሞቅ ሲለው ወሬውን ጀመረ። «አንድ ጊዜ ቦታ ስንቀይር ሁለት የጀርመን አውሮፕላኖች ከደመና ወጡብኝ። ሞተሬ ተያያዘ። ሱሪዬ ሳይነድ ዘለልኩ! የት ወደቅኩ? ጎመን እርሻ መሐል። አንዲት ባልቴት ጀርመን መስያት በአካፋ አባረረችኝ። ከጀርመን አምልጬ በጎመን ልሞት!»

ሁሉም ሳቁ። ክላቭዲያ ከሁሉም በላይ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪመጣ።

«ብቻህን ነበርክ?» አለች ኡልያና ከምድጃው ጥግ።

«ኧረ እማማ፣ ጭራው ውስጥ አንድ መካኒክ ጭኜ ነበር።»

«እሱስ?»

«እሱማ… ፓራሹት ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«እሳቱን አየ?»

«አርካዲ፣ ተው» አለች ኒና። እሱ ግን ጠጥቷል፤ ደግሞም ውሸታም ሰው አይደለም፤ ክፋቱም ይኸው ነው።

«ከየት ያያል? ጨለማ ነው። ጭሱ ግን ሳይደርሰው አልቀረም። የወንበሬን ጀርባ በመፍቻ ይደበድብ ነበር። እስክዘል ድረስ ደበደበ። ምን ላድርግ እማማ? ከሁለት ሬሳ አንድ ይሻላል። ሂሳብ ነው።»

«የት ነው ይሄ የሆነው?»

«ኩፒያንስክ አጠገብ።»

ኡልያና ዞራ ልጇን አየችው። ፓንክራት ዓይኑን ከገበታው ጨርቅ አላነሣም። የመፍቻውን ነገር እሱም ገና አሁን ነው የሰማው። ፊቱ አመድ መስሏል። ለእናቱ ከዚያ ሌላ መልስ አላስፈለጋትም። ተነሥታ ወጣች፤ ምድር ቤቱ ደረጃ ላይ ስትወርድና ስትወጣ ተሰማ። ተመልሳ ስትመጣ ሆዷ ላይ አንድ ትልቅ ዱባ አቅፋለች። ዳክዬውን ገፋ አደረገችና ዱባውን አርካዲ ፊት አስቀመጠችው።

በእነሱ አገር ሽማግሌ የሚመለሰው በቃል አይደለም። ዱባ ይሰጠዋል፤ እሱም ዳቦውን ይዞ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል፤ መንደሩ እስኪሞት ያወራዋል። ኒና ደም መሰለች። ግሌብ «ክላቫ?» ብሎ ቀረ። አርካዲ ዱባውን እንደ ቦምብ አፍጥጦ ያየዋል።

ክላቭዲያ አባቷን አየች። ቃሉን ጠብቆ ጥርሱን ነክሶ ተቀምጧል። አያቷን አየች። ከዚያ ዓይኗን በጨው ታጥባ ሳቀች።

«ውይ፣ ይቅርታ አድርጉልን» አለች ዱባውን እያነሣች። «አያቴ ጃጅታለች። ባለፈው ሳምንት ለፖስተኛውም ሰጥታው ነበር።»

«አልጃጀሁም» አለች ኡልያና።

«ያበደ ሰው መች አበድኩ ይላል፣ እማማ!» አለ አርካዲ፤ ነፍሱ መለስ አለችለት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ክላቭዲያ አያቷን ክንዷን ይዛ ጓዳ አስገባቻት፣ አልጋ ላይ አስቀመጠቻት፣ በሩንም ከውጭ ቀረቀረችው። አሮጊቷ አልታገለችም። «ደበደበ አለ አይደል?» ብቻ አለቻት። ክላቭዲያ ወደ ገበታው ስትመለስ ፓንክራት ብርጭቆውን ይዞ ቆሟል። «ይጋቡ» አለ። ጠጣና ተቀመጠ።

ሠርጉ አምሮ ዋለ። ኡልያና ከዚያች እሑድ ወዲህ ምግብ አልረጋላትም። ማታ ማታ ልጇን «እስከ መጨረሻው ነው የደበደበው?» እያለች ትጠይቀው ነበር፤ እሱም እግሯን ያሽላታል። በረዶው ከመውደቁ በፊት ሞተች። ክላቭዲያ የገፋ ሆዷን ይዛ ለቀብር መጣች። ፓንክራት ከመቃብር ቆፋሪዎቹ ጋር አወራ፣ ከጎረቤቱ ጋር አወራ፣ ከአርካዲ ጋር ሳይቀር ስለ አየሩ አወራ። ከእሷ ጋር አላወራም። ሐዘን ነው ብላ አለፈችው።

ሐዘን አልነበረም። ዓመት አለፈ፣ ሌላም ዓመት፤ ፓንክራት ለልጁ አንዲት ቃል አልተነፈሰላትም። በሩን ይከፍትላታል፣ ያመጣችውን ይበላል፣ የልጅ ልጁን ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣል። ሾርባው ጨው ከበዛበት ለድመቷ ይነግራታል። «ይቺ ሴትዮ ጨው በርካሽ አገኘች መሰለኝ» ይላታል። ክላቭዲያ መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ ተቆጣች፤ አንድ ቀን ሳህን ወርውራ ሰበረች፤ አንድ ቀን እግሩ ላይ ወደቀች። ፓንክራት ስብርባሪውን ጠረገ። እግሩንም አልሰበሰበም፤ ብቻ አልተናገረም።

የሚያንገበግባት ደግሞ ባሏ ቤት ደስተኛ መሆኗ ነበር። ግሌብ እጁን አላነሣባትም። አርካዲ «ልጄ» እያለ ነው የሚጠራት፤ የልብስ ስፌት መኪና ገዛላት፣ ሲያማት ሐኪም ፈልጎ ያመጣል። የጎመኑን ወሬም በየበዓሉ ይደግመዋል፤ ክላቭዲያ በየበዓሉ ትስቃለች። አንድ ጊዜ ሳትስቅ ብትቀር «ምነው፣ አሞሻል?» አላት ከልቡ አዝኖ።

ፓንክራት ሳንባው እምቢ ብሎት ሆስፒታል ሲገባ ክላቭዲያ አልጋው አጠገብ ሰነበተች። ፊቱን አጠበችው፣ ገላውን አገላበጠችው። መጨረሻው መሆኑን ስታውቅ ጆሮው ሥር ተጠጋች።

«አባዬ፣ አጥፍቻለሁ። ስደበኝ። ርገመኝ። የፈለግከውን በለኝ፣ ብቻ አንድ ቃል በለኝ።»

ፓንክራት ዓይኑን ገለጠ። ግሉኮሱን የምታስተካክለውን ነርስ በጣቱ ጠራት፤ ነርሷ ጎንበስ አለች። «ዝም በል ያለችኝ እሷ ናት፤ ንገሪያት» አለ። ትንፋሹ እየተቆራረጠ እንኳ አጥርቶ ነው የተናገረው። በማግሥቱ አረፈ።

ነርሷ ልጅ እግር ናት፤ ምን እንደሆነ ሳይገባት «እንዲህ አሉ» ብላ ነገረቻት። ክላቭዲያ ሰምታዋለች።

ከቀብር ስትመለስ አርካዲ አልጋ ላይ ነው። ግማሽ አካሉ ከሞተ ወዲህ የምታጎርሰውም የምታጸዳውም እሷ ናት። ሾርባ ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አባትሽ ደህና ሰው ነበር» አላት። «ወሬ አያበዛም።»

ያኔ ክላቭዲያ ያ ሁሉ ዓመት ያመቀችው ገነፈለ። ጭራው ውስጥ የነበረው ልጅ ዬፊም እንደሚባል፣ የአባቷ ታናሽ እንደሆነ፣ ዱባውን ያመጣችው አሮጊት እናቱ እንደነበረች፣ እንዳልጃጀች፣ እሷ ራሷ በር እንደቆለፈችባት፣ ሁሉንም ፊት ለፊቱ ነገረችው። ቢያለቅስ ይበቃት ነበር። ቢቆጣ፣ ውጪልኝ ቢላት እንኳ ይበቃት ነበር።

አርካዲ ጥቂት አሰበ።

«ዬፊም ነበር ስሙ?» አለ። «እኔ እኮ ጠይቄው አላውቅም።» ከዚያ በደህናው እጁ ሳህኑን ነካ አደረገ። «ሾርባው ቀዝቅዟል፣ ልጄ።»

ክላቭዲያ ሳህኑን አነሣችና ልታሞቀው ወደ ኩሽና ሄደች።